ከምድጃ ዳር እስከ ማይክሮፎን፦ በድምፅ የሚተዳደሩ ሰዎች ሙያ

ደነባ፦ በሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ክረምቱ ሲገባ ጥቁሩ አፈር ውኃ ይቋጥራል፤ ገበሬውም ማሳው እስኪጠነፍፍ ይጠብቃል። ከደብረ ብርሃን በስተምዕራብ በሚገኘው በዚህ የስንዴ፣ የጤፍና የምስር አገር የክረምት ምሽት ረጅምና ቀዝቃዛ ነው። እሳቱ ዙሪያ ከተቀመጡት አንዱ አዛውንት «ተረት ተረት» ብለው ሲጀምሩ ልጆቹ «የላም በረት» እያሉ የሚመልሱበት ልማድ ከዚህ ምሽት ጋር አብሮ የኖረ ነው። ተራኪው ጅብ ሲናገር ድምፁን ያጎረናል፣ ጦጣ ስትናገር ያቀጥናል፣ ንጉሡ ሲናገር ደግሞ ቀስ ብሎ ይናገራል። ይህ ችሎታ ከምድጃ ዳር ወጥቶ የደመወዝ ሥራ የሆነበት ታሪክ በኢትዮጵያ ከአንድ የሰው ዕድሜ ብዙም አይበልጥም።

በዚህ ሙያ ስማቸው ከሁሉ በፊት የሚነሣው የፊልም ወይም የመድረክ ገናናነት ብቻ ያተረፉ ሰዎች አይደሉም። አርቲስት ወጋየሁ ንጋቱን በመድረክ ላይ ያላየ፣ መልካቸውንም በፎቶግራፍ እንኳ የማያውቅ ብዙ ገበሬ ድምፃቸውን ግን ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ለይቶ ያውቃል። ምክንያቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅት የተረኩት የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው።

መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም ነው። በዚያን ጊዜ ማንበብ የሚችለው የገጠር ሕዝብ እጅግ ጥቂት ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም እስኪጀመር ድረስም አብዛኛው ገበሬ ከፊደል ጋር የሚገናኘው በቤተ ክርስቲያን ወይም በፍርድ ቤት ወረቀት ነበር። በመሆኑም ልቦለዱ ለገጠሩ ሰው የደረሰው በአብዛኛው በወረቀት ሳይሆን በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ሬዲዮ ነው። በአንድ መንደር ሬዲዮ ያለው አንድ ሰው ከሆነ አድማጩ መንደሩ በሙሉ ይሆናል። ይህን ያላስተዋለ ሰው የአንድ ተራኪን ድምፅ ኃይል በትክክል ሊገምት አይችልም።

ከዚህም በላይ የታሪኩ ጉዳይ የገበሬው የራሱ ጉዳይ ነበር። በልቦለዱ ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ ውጭ የሆነ ግብር ሲጠይቁ ባላገሩ እምቢ ይላል፤ በአበጀ በለው መሪነትም ይነሣባቸዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣውን የገጠር መሬት አዋጅ ያየና በአባቱ ዘመን ጭሰኝነት ምን እንደነበረ የሚያስታውስ የሸዋ ገበሬ ይህን ክፍል ሲሰማ ስለ ጎጃም ብቻ እየሰማ እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም።

አርቲስት ወጋየሁ ለዚህ ሥራ የበቁት ድምፅ ስለ ነበራቸው ብቻ አይደለም። ከአርቲስት ደበበ እሸቱ ጋር ወደ ሀንጋሪ ተልከው የቴአትር ትምህርት ተከታትለዋል፤ በመድረክም የታወቁ ተዋናይ ነበሩ። የመድረክ ተዋናይ በአንድ ምሽት አንድ ሰው ይሆናል። የመጽሐፍ ተራኪ ግን በአንድ ምሽት ፊታውራሪውንም፣ ወጣቷን ሰብለ ወንጌልንም፣ የቆሎ ተማሪ የነበረውን በዛብህንም፣ ማኅበረሰቡ እንደ እብድ የሚቆጥረውን ጉዱ ካሣንም መሆን አለበት። በዚያ ላይ ከእነዚህ ሁሉ ውጭ ቆሞ ታሪኩን የሚናገረውን የደራሲውን ድምፅ ሳይለቅ ይይዛል።

ይህ እንዴት ይሠራል? ብዙ ሰው መልሱ «ድምፅን መለዋወጥ» እንደሆነ ያስባል። ወንድ ሲሆን ማወፈር፣ ሴት ስትሆን ማቅጠን ማለት ነው። ሴትን ሁሉ አቅጥኖ፣ ሽማግሌን ሁሉ አንቀጥቅጦ የሚያነብ ተራኪ ግን ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ አድማጭ ያሰለቻል። ጥሩ ተራኪዎች ልዩነቱን የሚያመጡት በአብዛኛው በፍጥነት ነው። ሥልጣን ያለው ሰው አይቸኩልም፤ የሚሰማው ሰው እንደሚጠብቀው ያውቃልና። ችግረኛ ሰው ቃሉን ሳይጨርስ እንዳይቋረጥ ይቸኩላል። ንዴት ሲመጣ ድምፅ ከደረት ወደ ጉሮሮ ይወጣል፤ ሐዘን ሲመጣ የሚያጥረው ትንፋሽ ነው። እነዚህን ነገሮች ገበያ ውሎ ሰው ሲከራከር ያየ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ተራኪው የሚለየው ያየውን በፈለገበት ሰዓት ማምጣት በመቻሉ ነው።

የአማርኛ ቋንቋ ራሱ ለድምፅ ተራኪ የሚያስቀምጠው ፈተናም አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። «ገና» የሚለው ቃል ሲላላ ያልደረሰን ነገር፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ያመለክታል። «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ የሚደረገው ነው፤ ሲጠብቅ ግን አለቃው ወይም ትልቁ ነገር ነው። «አለ» ደግሞ ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ማለት ይሆናል። ለራሱ በዝምታ የሚያነብ ሰው ቢሳሳት ተመልሶ ያርማል፤ በሬዲዮ የተሳሳተ ተራኪ ግን አድማጩን ይዞ ገደል ይገባል።

ሁለተኛው ፈተና የዐረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። በአማርኛ ግሡ ከመጨረሻ ይመጣል። አንድ ረጅም ዐረፍተ ነገር ነገሩ መደረጉን ወይም አለመደረጉን፣ ጥያቄ መሆኑን ወይም ትእዛዝ መሆኑን የሚያሳውቀው ከዳር ሲደርስ ነው። በንግግር ጊዜም እንዲሁ ነው፤ መጽሐፉ መጀመሪያ ንግግሩን ያስቀምጥና «አለች» ወይም «አሉ» የሚለው በኋላ ይከተላል። ተራኪው ግን ተናጋሪው ማን እንደሆነ «አለች» እስኪል ድረስ መጠበቅ አይችልም፤ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ድምፁ የእሷ መሆን አለበት። ስለዚህም ዓይኑ ሁልጊዜ ከአፉ ሁለትና ሦስት መስመር ቀድሞ ይሄዳል። ከፊት ያለውን በሬ እየነዳ ከኋላ ያለውን ትልም የሚያይ ገበሬ ይህን ዓይነት የተከፈለ ትኩረት ሳይረዳው አይቀርም።

በዚህም ምክንያት የትረካ ሥራ የሚጀምረው ከስቱዲዮ ውጭ ነው። ተራኪው መጽሐፉን አስቀድሞ ያነባል። ማን ማን እንደሆነ፣ ዕድሜው፣ የመጣበት አገር፣ የሚናገርበት ለዛ በወረቀት ይያዛል። ከዚያም በሚተላለፈው ሰዓት ልክ ይከፋፈላል፤ የእያንዳንዱ ቀን ክፍል አድማጩ ለነገ እንዲጠብቅ በሚያደርግ ቦታ ላይ ቢቆረጥ ይመረጣል። ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል። የድሮ ደራስያን ዐረፍተ ነገር አንዳንዴ ግማሽ ገጽ የሚፈጅ በመሆኑ ያለ ምልክት ከገቡበት መሃል ላይ ያስቀራል። በቀረጻው ጊዜ ወረቀት ሲገለበጥ እንዳይሰማ ገጾቹ ተነጣጥለው ይቀመጣሉ፤ ከማይክሮፎኑ ጋር ያለው ርቀትም አይዋዥቅም። ሹክሹክታ ሲመጣ ጠጋ፣ ጩኸት ሲመጣ ፈቀቅ ይባላል።

ከድምፁ ጀርባ የሚሰማው የፈረስ ኮቴ፣ የእሳት መንጣጣት፣ የበር መንሿጠጥ የተለየ ሥራ ነው። በዓለም ዙሪያ የሬዲዮ ድራማ ሠሪዎች የኮኮናት ቅርፊት ሰሌዳ ላይ እየመቱ የፈረስ ግልቢያ፣ ቀጭን ፕላስቲክ እየጨበጡ የእሳት ድምፅ ሲያወጡ ኖረዋል። የሚገርመው እውነተኛው እሳት በማይክሮፎን ሲቀረጽ ብዙ ጊዜ እሳት አለመምሰሉ ነው።

ከመጽሐፍ ትረካ የተለየው የተረት ነጋሪነት መንገድ ደግሞ ከአባባ ተስፋዬ ስም ጋር የተቆራኘ ነው። ተስፋዬ ሳህሉ በ1915 ዓ.ም በባሌ ተወለዱ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የአገሪቱ ዘመናዊ ቴአትር እግር ሲተክል ከነበሩት ቀደምት ተዋንያን አንዱ ናቸው። ሴቶች ወደ መድረክ በማይወጡበት በዚያ ዘመን የሴት ገጸ ባሕርያትን እየተጫወቱ ሠርተዋል፤ ከቃኘው ሻለቃ ጋር በተያያዘም ወደ ኮሪያ ተጉዘው ለዘማቾች የኪነ ጥበብ ዝግጅት አቅርበዋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ በኋላ የልጆችን ዝግጅት ያዙ፤ ለ42 ዓመታት ያህልም እስከ 1998 ዓ.ም ድረስ አልለቀቁትም።

የአባባ ተስፋዬ ዘዴ ቀላል ይመስላል። ወንበር ላይ ተቀምጠው ልጆችን ሰላም ይሉና ልጆቹ ከቴሌቪዥኑ ውጭ ሆነው የሚመልሱትን ሰላምታ ጠብቀው ይቀጥላሉ። ይህች አጭር ዝምታ የተወሰደችው ከምድጃ ዳር ነው። በአገራችን ተረት አንድ ሰው ተናግሮ ሌላው ዝም ብሎ የሚሰማው ነገር አይደለም፤ «ተረት ተረት» የሚለው ጥሪ መልስ ካላገኘ ተረቱ አይጀመርም። ቴሌቪዥን መልስ የማይሰማ መሣሪያ ነው፤ እሳቸው ግን እንደሚሰማ አድርገው ያዙት፤ ልጆቹም አመኑ። ቴሌቪዥን ያልነበረበት ቤት ልጅ ሳይቀር ጎረቤት ሄዶ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ የመለሰው ሰላምታ በዚያ ትውልድ ትዝታ ውስጥ አለ። አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም አርፈዋል።

እሳቸው ዝግጅቱን በለቀቁበት ጊዜ አካባቢ ሌላ ድምፅ ብቅ አለ። መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ከካልሲ በተሠሩ አሻንጉሊቶች የጀመሩት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የልጆች ዝግጅት ነው። ስድስት ዓመቷ የሆነው ቀጭኔ ፀሐይ የምትናገረው በብሩክታዊት ድምፅ ነው። እዚህ ላይ ተራኪዋ ፊቷ አይታይም፤ የሕፃንነት ጉጉት በሙሉ በድምፅ መውጣት አለበት። ዝግጅቱ እጅ መታጠብን፣ የወባ መከላከያን የመሰሉ ጉዳዮችን በጨዋታ መልክ ያስተማረ ነው።

ድምፅ ለትምህርት ሲውል ምን ሊሠራ እንደሚችል ከታየባቸው ሥራዎች አንዱ «የቀን ቅኝት» የተሰኘው ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ ነው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም ድረስ በ257 ክፍሎች የተላለፈው ይህ ድራማ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ የሚያወራ ቢሆንም «እንዲህ አድርጉ» አይልም። ሰዎችን አስቀምጦ፣ ምርጫቸው ምን እንዳስከተለ በጊዜ ሂደት ያሰማል። አንዲት ልጅ ስትሳሳት ሰምቶ «ተይ እንጂ!» ብሎ ለሬዲዮኑ የተናገረ አድማጭ ትምህርቱን ራሱ ሰጥቷል ማለት ነው። የግብርና ኤክስቴንሽን መልእክቶች በሬዲዮ ሲተላለፉ አብዛኛውን ጊዜ መግለጫ ብቻ ሆነው የሚቀሩት ይህ ሥልት በበቂ ስላልተሠራበት ይመስላል። በወቅቱ ያልተንጣፈፈ ማሳ ምን እንደሚያስከፍል ባለሙያ ከሚዘረዝረው ይልቅ ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ቦይ ሲጣሉ የሚሰማበት ድራማ ደነባ ላይ ብዙ ጆሮ ያገኝ ነበር።

በ2008 ዓ.ም ቃና ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር ደግሞ ለሙያው አዲስ በር ተከፈተ። የቱርክና የሌሎች አገሮች ተከታታይ ፊልሞች በኢትዮጵያውያን ድምፅ ወደ አማርኛ ተመልሰው መቅረብ ጀመሩ። ይህ ሥራ ከትረካ ይከብዳል ወይስ ይቀላል የሚለው ያከራክራል፤ የተለየ መሆኑ ግን አያከራክርም። የድምፅ ተዋናዩ ፍጥነቱን ራሱ አይመርጥም፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው አፉን ሲከፍት ከፍቶ፣ ሲዘጋ መዝጋት አለበት። ተርጓሚው ትርጉሙን ጠብቆ የቃሉን ርዝመት ከከንፈሩ እንቅስቃሴ ጋር ያመጣጥናል። ቱርክኛ እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ በመሆኑ ቁጣውም ሆነ ልመናው በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚወድቅበት ቦታ ከእኛ ጋር ይቀራረባል፤ ከእንግሊዝኛ ጋር ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። የውጭ ፊልም በዚህ መልክ መብዛቱ የአገር ውስጥ ፊልምን ይጎዳል የሚል ተቃውሞ በወቅቱ ከኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ተነሥቶ ነበር። ሥጋቱ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ በሌላ በኩል ግን መድረክ ያላገኙ ወጣት ተዋንያን በድምፃቸው እንጀራ የበሉበት ሥራ መሆኑ እውነት ነው።

እንጀራው ግን ሁልጊዜ ጠግቦ የሚያሳድር አይደለም። ቀደምቶቹ ተራኪዎች በአብዛኛው የቴአትር ቤት ደመወዝተኞች ነበሩ፤ ሬዲዮው ተጨማሪ ሥራ ነበር። አርቲስት ፈቃዱ ተክለማርያም የብሔራዊ ቴአትር ተዋናይ ሆነው መጻሕፍትን በሬዲዮ በመተረክም ከወጋየሁ ቀጥሎ ስማቸው የሚጠራ ባለሙያ ናቸው። በኩላሊት ሕመም ሲያዙ ለሕክምናቸው ገንዘብ ከሕዝብ መሰብሰብ አስፈልጎ ነበር፤ በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም አረፉ። ድምፃቸውን በነፃ ሲሰማ የኖረው ሕዝብ በዚያ ሰዓት እጁን መዘርጋቱ የሚያስመሰግን ነው፤ የዕድሜ ልክ ባለሙያ ሕክምና በመዋጮ ላይ መውደቁ ግን ሙያው ምን ያህል ዋስትና እንደሌለው ያሳያል።

በሕግ ረገድ የተቀመጠ ነገር አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲን ብቻ ሳይሆን ሥራውን በድምፁ የሚከውነውንም ሰው ይጠብቃል። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ካለፈም በኋላ ለ50 ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ዛሬ በስልኩ መጽሐፍ ተርኮ ዩቲዩብ ላይ የሚጭን ወጣት የደራሲውን ወይም የወራሾቹን ፈቃድ መያዝ ይኖርበታል፤ በአንጻሩ ደግሞ የእሱ ትረካ ያለ ፈቃዱ ተገልብጦ ቢሸጥ የሚከስበት መሠረት አለው። በገበያ ቀን በየሱቁ ከሚሞሪ ካርድ ወደ ሚሞሪ ካርድ የሚገለበጠው ትረካ ግን ይህን ሕግ የሚያውቀው አይመስልም።

መጻሕፍቱ ቢያንስ ታትመዋል፤ ድምፃቸው ቢጠፋ ቃላቸው ይኖራል። የደነባና የአካባቢዋ ተረት ግን በአብዛኛው የሚኖረው በተናጋሪው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ኢትዮጵያ የአገር ውስጥ የሰብል ዝርያዎችን የምታስቀምጥበት የዘር ባንክ ከ1968 ዓ.ም ጀምሮ አላት፤ ከየገበሬው ጎተራ የተሰበሰበ የስንዴና የገብስ ዘር በብርድ ክፍል ውስጥ በስምና በመጣበት ቦታ ተመዝግቦ ተቀምጧል። አንድ ዝርያ ከማሳ ቢጠፋ ከዚያ ማምጣት ይቻላል። ለተረት የሚሆን እንዲህ ያለ ጎተራ ብዙ የለም። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ኤልዛቤት ሌርድ በብሪቲሽ ካውንስል ድጋፍ በተለያዩ የኢትዮጵያ ክልሎች እየተዘዋወሩ ተረቶችን ሰብስበው ማሳተማቸው የሚጠቀስ ሥራ ነው፤ ሆኖም አንድ ሰው የሁሉንም ቀበሌ ምድጃ ሊያዳርስ አይችልም። አንዱ ተረት ደግሞ ከቀበሌ ቀበሌ ይለያያል። በአንዱ መንደር ጅቡ ተሞኝቶ ያልቃል፣ በሌላው ያመልጣል፤ ልክ አንድ ስም ያለው ስንዴ ቆላና ደጋ ላይ ሌላ ሆኖ እንደሚበቅል።

ይህን ለመያዝ ስቱዲዮ አያስፈልግም። አሁን በብዙ ቤት ያለው ስልክ ድምፅ ይቀዳል። ባለሙያዎች በሜዳ ሥራ የሚከተሉት አሠራርም ቀላል ነው። በመጀመሪያ የተራኪው ሰው ፈቃድ ይጠየቃል፤ የሚቀዳው ለምን እንደሆነም በግልጽ ይነገራቸዋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በዝናብ ጊዜ የተቀዳ ድምፅ አይሰማም፤ ሣር ቤት ወይም ልብስና ብርድ ልብስ የበዛበት ክፍል ይሻላል። ስልኩ ጥሪ እንዳይገባበት ወደ በረራ ሁነታ ይቀየርና ከተናጋሪው አንድ ክንድ ያህል ርቆ ጨርቅ ላይ ይቀመጣል፤ በእጅ ከተያዘ የእጅ መንሿከክ ይገባበታል። ከተረቱ በፊት የተናጋሪው ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ተረቱን ከማን እንደሰሙት እና ቀኑ በድምፅ ይነገራል። ተናጋሪው የአካባቢውን ለዛ ሲጠቀሙ ማረም አያስፈልግም። ልጆችም ከክፍሉ አይወጡ፤ «የላም በረት» የሚል ሰው ከሌለ አያቶች ተረቱን በቶሎ ይጨርሱታል።